ወደ ስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ እንግዳ የሚያየውና የሚጠበቅበት

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር በተቀመጠ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የሁለት ቤት ሥርዐት ነው፤ ይኸውም የገበታ ቤትና የጸሎት ቤት ነው። በገበታ ላይ ቢሳሳት ባለቤቶቹ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። በጸሎት ቤት የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን፥ ማንም ባይቈጣው እንኳ፥ የሰውን አምልኮ ያቃለለ መስሎ እንዳይታይ ልቡ ይፈራል። ስለዚህ ልጆቻቸውን ወደ ኤዲንበርግ፥ ወደ ግላስጎው ወይም ወደ አበርዲን ልከው ለሚያስተምሩ ወላጆች፥ በሥራም ምክንያት ከነቤተ ሰባቸው ወደዚያ ለሚሄዱ ሹማምንት ይጠቅም ዘንድ፥ በስኮትላንድ አገር ፕሬስቢቴርያን የሚባሉት ክርስቲያኖች በሚጸልዩበት ቤት እንግዳ የሚያየውንና የሚጠበቅበትን ነገር በዚህ ገጽ እናመለክታለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቤት ያከራየ ሰው ወይም የሥራ ባልደረባ እሑድ ጧት አብረን እንሂድ ብሎ መጋበዙ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። እምቢ ቢሉት ንቀት ይመስላል። እሺ ብለው ቢሄዱ ደግሞ የት እንደሚቀመጡ፥ መቼ እንደሚነሡ፥ ይልቁንም ዕለቱ የቍርባን ቀን የሆነ እንደ ሆነ ምን እንደሚያደርጉ አለማወቅ ያሳስባል። ይህን የምንጽፈው ማንንም ከአባቶቹ ሃይማኖት ለማናወጥ አይደለም፤ የጋበዘውን ሰው ሳያስቀይም፥ የራሱንም ሕሊና ሳይበድል ደርሶ እንዲመለስ ነው እንጂ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ይገባል። ፕሬስቢቴሮስ የጽርእ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ሽማግሌ ማለት ነው። እኛ ቀሲስ የምንለውም ቃል ሥሩ በሱርስት ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ስለ ሆነ፥ ስሙ ለጆሯችን እንግዳ ቢመስልም ቃሉ ከቤታችን የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በእነርሱ ዘንድ ጳጳስ አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱን ደብር ቄሱና ከምእመናኑ መካከል የተመረጡት ሽማግሌዎች በሸንጎ ተቀምጠው ያስተዳድሩታል። ሽማግሌዎቹ ካህናት አይደሉም፤ አንዱ ሐኪም፥ አንዱ ባለሱቅ፥ አንዱ ገበሬ፥ አንዷም የትምህርት ቤት መምህርት ልትሆን ትችላለች፤ ሴቶች ለሽምግልና እንዲመረጡ በ1966፥ ቄስ እንዲሆኑም በ1968 ተፈቅዷልና። ከደብሩ ሸንጎ በላይ የአውራጃው ሸንጎ፥ ከዚያም በላይ በየዓመቱ በሜይ ወር በኤዲንበርግ ከተማ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ አለ። የዚህ ጉባኤ መሪ ሆኖ የሚመረጠው ሰው ሹመቱ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ዓመቱ ሲፈጸም ወንበሩን ለተተኪው ይለቃል። በ2004 ለዚህ ወንበር የተመረጠችው አሊሰን ኤሊዮት የመዠመሪያዪቱ ሴት ስትሆን፥ ሽማግሌ እንጂ ቄስ አልነበረችም።

የመንግሥትን ሥራ ለሚያውቁ አንባብያን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የንጉሡ ነገር ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ በእንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያኑ የበላይ ገዥ ነው። የስኮትላንድን ድንበር በተሻገረ ጊዜ ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ማንኛውም ምእመን ይቀመጣል እንጂ የሚያዝበት ነገር የለም። ንግሥት ቪክቶሪያ በባልሞራል አጠገብ በሚገኘው በክሬቲ ቤተ ክርስቲያን በ1873 ከገበሬዎቹ ጋራ በአንድነት ቍርባን በተቀበለች ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች አጕረምርመውባታል። በጠቅላላው ጉባኤም የንጉሡ እንደራሴ በክብር ይመጣል፤ የሚቀመጥበት ሰገነት ግን ከጉባኤው ክልል ውጭ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ በክርክሩም አይገባም። ይህ ልማድ ጥንታዊ ነው። በ1596 አንድሩ ሜልቪል የተባለው መምህር የንጉሥ ጄምስን እጅጌ ይዞ፥ በስኮትላንድ ሁለት ነገሥታትና ሁለት መንግሥታት እንዳሉ፥ ንጉሡም በክርስቶስ መንግሥት ውስጥ አባል እንጂ ጌታ አለመሆኑን ፊት ለፊት እንደ ነገረው በታሪክ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ንግግር ተናግሮ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ በሰላም መመለሱ ስለ ሰውዬው ድፍረት ብቻ ሳይሆን ስለ ንጉሡም ትዕግሥት ይመሰክራል። ዛሬም ቢሆን በዙፋኑ የሚቀመጥ ሁሉ ይህን የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ለመጠበቅ ይምላል፤ ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊም በሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 በዚሁ ምሏል።

እንግዳው በኤዲንበርግ የሆነ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያየው በከተማዪቱ ጥንታዊ አውራ ጎዳና ላይ ያለውን፥ ጕልላቱ በዘውድ አምሳል የተሠራውን የቅዱስ ጃይልስን ቤተ ክርስቲያን ነው። የስኮትላንድ ሕዝብ በ1560 ከሮማው ጳጳስ ሥልጣን በተለየ ጊዜ የተሐድሶው መሪ ጆን ኖክስ የሰበከው በዚህ ቤት ነው። በጁላይ 23 ቀን 1637 ደግሞ የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ሹማምንት ሕዝቡ ያልመከረበትን አዲስ የጸሎት መጽሐፍ በዚሁ ቤት ማንበብ በዠመሩ ጊዜ ከፍ ያለ ሁከት ተነሣ። ጄኒ ጌዴስ የምትባል አንዲት የገበያ ሴት የተቀመጠችበትን በርጩማ አንሥታ በአንባቢው ላይ እንደ ወረወረች ይነገራል። በዚያን ዘመን ሕዝቡ በርጩማውን ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበርና፥ የሚወረወር ነገር አልታጣም። በማግሥቱ ዓመት በ1638 መኳንንቱና ሕዝቡ በግሬይፍራያርስ ቤተ ክርስቲያን በቃል ኪዳን ጽሑፍ ላይ ፈረሙ፤ ከዚያም ጦርነት ሆነ፤ የነገሩም ፍጻሜ ንጉሡን እስከ ሞት አደረሰው። በመጨረሻ በ1690 የሽማግሌዎቹ ሥርዐት በሕግ ጸና። የቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል መባሉ የኤጲስ ቆጶስ መንበር ከነበረበት ከጥቂት ዘመን የተረፈ ስም ነው እንጂ፥ ዛሬ በውስጡ ኤጲስ ቆጶስ የለም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ካልዓይት በ2022 ባረፈች ጊዜ አስከሬኗ ወደ ለንደን ከመሄዱ በፊት በዚህ ቤት አርፎ ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ በሰልፍ ተሰናብቷታል።

እንግዲህ ወደ ውስጥ እንግባ። የእሑድ ጸሎት በብዙ ደብር ከጧቱ 5 ሰዓት ይዠምራል፤ የሰዓታቸው አቈጣጠር 11 ይለዋል። ከ10 ደቂቃ በፊት መድረስ መልካም ነው፤ ጸሎቱ ከተዠመረ በኋላ መግባት በእነርሱ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል፤ በእኛ አገር ግን ቅዳሴው ተጋምሶ የሚደርሰውን ሁሉ ደጀ ሰላሙ ይቀበለዋል። በበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ሴት ቆመው እጅ ይነሣሉ፤ የመዝሙር መጽሐፍና የዕለቱ ጸሎት ተራ የታተመበት ወረቀት ይሰጣሉ። በአንዳንድ ደብር ዛሬ ወረቀቱ ቀርቶ ቃሉ በግድግዳ ላይ በብርሃን ይታያል። ጫማ አይወለቅም። በሩን መሳለም፥ መሬቱንም መሳም የለም። ወንድ ቆቡን ያወልቃል። ሴቶች ቀድሞ ሁሉም ባርኔጣ አድርገው ይመጡ ነበር፤ ዛሬ በብዙው ደብር ራስን መሸፈን ቀርቷል፤ በሰሜኑ ተራራማ አገርና በደሴቶቹ ግን አሁንም የሚሸፍኑ አሉ። ስለዚህ እመቤቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሄዱ የሚያሳፍራቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም ይመሰገናሉ።

ወንዶች በአንድ ወገን ሴቶች በሌላ ወገን መቆም በዚያ የለም። አባት፥ እናትና ልጆች በአንድ ረዥም አግዳሚ ወንበር ላይ ተያይዘው ይቀመጣሉ። ቀድሞ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለወንበሩ ኪራይ ይከፍል ስለ ነበር፥ በሌላው ወንበር መቀመጥ ጠብ ያመጣ ነበር። ኪራዩ ዛሬ ቀርቷል፤ ሆኖም አንድ አሮጊት ከአርባ ዓመት ጀምሮ የተቀመጠችበትን ስፍራ እንግዳ ይዞት ብታገኝ በአፏ ባትናገርም ፊቷ ይናገራልና፥ ብልህ እንግዳ «የት ልቀመጥ» ብሎ በበሩ ላይ ያሉትን ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ዐይን የሚፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል። መጋረጃ የለም፤ ቅድስት፥ ቅድስተ ቅዱሳን የሚባል ክፍል የለም፤ ታቦት የለም፤ የእመቤታችንና የቅዱሳን ሥዕል አይሰቀልም፤ ዕጣን አይታጠንም። በፊት ለፊት ከፍ ያለ የስብከት ሰገነት፥ ከበታቹም አንድ ገበታና የጥምቀት ውሃ የሚቀመጥበት የድንጋይ ገበቴ ይታያል። ይህ ባዶነት ከድህነት ወይም ከቸልታ የመጣ አይደለም። የተሐድሶ አባቶቻቸው የሰው ዐይን በሥዕል ላይ እንዳይቀር፥ ጆሮውም ለቃሉ ብቻ እንዲከፈት ብለው ያወጡት ነው። የእኛ አባቶች ግን ሥዕል ላልተማረ ሰው መጽሐፍ ነው ብለው በዐይኑም በአፍንጫውም እግዚአብሔርን እንዲያመሰግን አድርገዋል፤ እኛም የአባቶቻችንን እንመርጣለን። ሆኖም ያ ጭምትነት የራሱ ግርማ እንዳለው መካድ አይገባም። ደግሞም ሁሉም ባዶ አይደለም፤ በቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን በ1911 የተፈጸመው የቲስል ኒሻን ባላባቶች ጸሎት ቤት በእንጨት ቅርጽ እጅግ ያጌጠ ነው፤ ከቅርጹም መካከል የአገሩን ባለከረጢት ዋሽንት የሚነፋ መልአክ አለ። የዚህ ኒሻን ባላባቶች ቍጥር ከንጉሡ ቤተ ሰብ በቀር 16 ብቻ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ቢድል የሚባለው የደብሩ አገልጋይ ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ በሁለት እጁ ይዞ ይገባል፤ ሕዝቡም ይነሣል። መጽሐፉን በሰገነቱ ላይ አኑሮ ቄሱን ያስገባል። ይህ ልማድ በሁሉ ደብር ባይገኝም በብዙው ዘንድ ተጠብቋል፤ ወንጌሉ ሲወጣ ተነሥቶ ለለመደው ለእኛ ሰው ልቡን የሚያሳርፈው የመዠመሪያው ነገር ይህ ነው። ቄሱ ጥቍር ረዥም ቀሚስ ለብሶ በአንገቱ ላይ ሁለት ነጫጭ ቅዳጅ ጨርቅ ያንጠለጥላል፤ በዛሬ ዘመን በተራ ልብስ የሚያገለግሉም አሉ። የእጅ መስቀል አይዝም። ስለዚህ መስቀል ለመሳለም ዝቅ ብሎ የቀረበ እንግዳ ቄሱን ያስደነግጠዋል፤ እርሱ የሚዘረጋው ለመጨባበጥ ነውና።

መነሣትና መቀመጥ እንግዳን ያስቸግራል። ሲዘመር ይቆማሉ፤ ሲጸለይ ተቀምጠው አንገታቸውን ይደፋሉ። ቀድሞ ግን ነገሩ የተገላበጠ ነበር፤ ለጸሎት ቆመው ለመዝሙር ይቀመጡ ነበር። በ1850ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በግሬይፍራያርስ የነበረው ቄስ ሮበርት ሊ ይህን መለወጥ በዠመረ ጊዜ፥ በ1860ዎቹም ኦርጋን ባስገባ ጊዜ በጉባኤ ከሰውት ለብዙ ዓመት አከራክሯል። ሦስትና አራት ሰዓት በመቋሚያ ተደግፎ መቆምን የለመደ ሰው በዚህ ክርክር ፈገግ ይል ይሆናል። እንግዳው ከፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ቢነሣና ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ማማተብ ቢፈልግም የሚከለክለው የለም፤ ጐረቤቱ ግን አያማትብም።

ከሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ ሰው ቅርብ የሆነው የመዝሙራቸው ነገር ነው። የስኮትላንድ ሰዎች ከተሐድሶው በኋላ በቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን የሚዘምሩት ዳዊትን ብቻ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ነበር። መቶ ኀምሳውን መዝሙር ሁሉ በቋንቋቸው ቤት እንዲመታ አድርገው በግጥም ገለበጡት፤ በ1650 ጸድቆ የወጣው ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይዘመርበታል። እኛ ዳዊትን ደግመን ማንበብ እንደ ተማርን፥ የዚያ አገር እረኛና ሸማኔም በእሳት ዳር ዳዊትን በግጥሙ አጥንቶ አድጓል። ነገር ግን ዳዊቱን ይዞ የሚሄድ እንግዳ አንድ ነገር ልብ ያድርግ። የእኛ ዳዊት የሰባው ሊቃናትን አከፋፈል ስለሚከተል የእነርሱም የዕብራይስጡን ስለሚከተል፥ ከ9ኛው መዝሙር በኋላ ቍጥሩ በአብዛኛው በአንድ ይለያያል። እነርሱ 23ኛውን የእረኛውን መዝሙር ሲጠሩ እኛ 22ኛውን፥ እነርሱ 100ኛውን ሲሉ እኛ 99ኛውን መግለጥ አለብን። በመጨረሻዎቹ በሦስቱ፥ ማለት ከ148 እስከ 150፥ ቍጥሩ ይገጥማል። 151ኛውን አይዘምሩም።

ዛሬ ከዳዊት ሌላ ብዙ መዝሙር በኦርጋን ይዘመራል። ሆኖም የቀድሞውን ዜማ ሊሰማ የሚወድ ሰው ወደ ሉዊስ ደሴት መሄድ አለበት። በዚያ በጌሊክ ቋንቋ በሚጸልዩት ዘንድ አንድ መሪ ቆሞ የመዝሙሩን አንድ ስንኝ በዜማ ይጥላል፤ ሕዝቡም ያለ አንዳች መሣሪያ እያንዳንዱ ድምፁን እንደ ተሰጠው እያዞረና እያረገደ ይቀበለዋል፤ ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ እንደ ባሕር ማዕበል ይነሣል ይወድቃል። በመሪጌታና በተቀባይ ለአደገ ጆሮ ይህ እንግዳ አይሆንም። እንዲህ የሚዘምሩት በብዛት ነፃ ቤተ ክርስቲያን የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህም ከዳዊት በቀር ሌላ መዝሙርና የሙዚቃ መሣሪያ በጸሎት ቤት እንዲገባ በሕጋቸው የፈቀዱት በ2010 ነው።

ስለ ነፃ ቤተ ክርስቲያን ካነሣን፥ በአንድ መንገድ ላይ ሁለትና ሦስት የፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው ቆመው ያየ እንግዳ ምክንያቱን ይወቅ። በ1712 በወጣው ሕግ የመሬት ጌቶች ለደብራቸው ቄስ የመሾም መብት ነበራቸው፤ ሕዝቡም አንፈልገውም ያለው ቄስ በጌታው ፈቃድ ብቻ ሲገባበት ኖረ። ነገሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየከረረ ሄዶ በሜይ 18 ቀን 1843 ጠቅላላው ጉባኤ በኤዲንበርግ በተከፈተበት ሰዓት ብዙ ቄሶች ከወንበራቸው ተነሥተው በሰልፍ ወጡ፤ ወደ ሌላ አዳራሽም ሄደው ቶማስ ቻልመርስን መሪያቸው አድርገው መረጡ። ከ1,200 ያህል ቄሶች መካከል ከ450 የሚበልጡት ደመወዛቸውን፥ የሚኖሩበትን ቤትና የሰበኩበትን ሰገነት ጥለው ሄዱ። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከደብሩ ቤት ወጡ፤ መሬት የነፈጓቸው ጌቶች ስለ ነበሩ በአንዳንድ ስፍራ ሕዝቡ በሜዳና በባሕር ዳር ቆሞ ጸለየ። ያ የጌቶች መብት በ1874 በሕግ ቀረ፤ በ1929ም አብዛኞቹ ተመልሰው አንድ ሆኑ፤ ያልተመለሱት ግን እስከ ዛሬ በየስማቸው አሉ። ሹም በሕዝብ ላይ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ሲሾም የሚመጣውን ነገር መማር የሚወድ ሰው ይህን ታሪክ በሰፊው ቢያነብ ይጠቀማል።

ወደ ጸሎቱ እንመለስ። ጸሎትና ንባብ ከብሉይና ከሐዲስ ይደረጋል፤ መጽሐፋቸው 66 እንጂ 81 አይደለም። አቡነ ዘበሰማያት በአንድነት ይደገማል፤ በእንግሊዞች ዘንድ በደል በሚባለው ቃል ፈንታ የስኮትላንድ ሰዎች ዕዳ ብለው ይጸልያሉ፤ እንግዳ ሰው በዚህ ቃል ላይ ይደናቀፋል። ከዚያም ቄሱ ለልጆች አጭር ነገር ተናግሮ ልጆቹ ወደ ትምህርታቸው ይወጣሉ፤ ልጅ ይዞ የሄደ እንግዳ ልጁን ከእነርሱ ጋራ ቢሰድ ወይም ከጐኑ ቢያስቀምጥ ፈቃዱ ነው። ለልጆች ማስተማር በዚያ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት የከበረ ነው። በ1647 የተጻፈውን፥ 107 ጥያቄና መልስ ያለበትን አጭር የሃይማኖት ትምህርት የአገሩ ልጆች እኛ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር እንደምናጠና በቃላቸው ያጠኑት ነበር። በ1696ም በየደብሩ አንድ ትምህርት ቤት እንዲቆም በሕግ ታዘዘ፤ ድኻ የነበረው ያ አገር ከዚያ ወዲህ ለዓለም ብዙ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ማፍራቱ ከዚህ የተነሣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ስብከቱ የጸሎቱ ማዕከል ነው። ቀድሞ በሰገነቱ አጠገብ የአሸዋ ሰዓት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሰበክ ነበር፤ ዛሬ በብዙው ደብር ከ20 ደቂቃ አያልፍም። በስብከት ጊዜ ማውራት፥ መውጣትና መግባት፥ ስልክም ማስጮኽ አይገባም። የሰማውን ነገር ቢወድ «አሜን» ብሎ መጮኽ ወይም እልልታ በእነርሱ ዘንድ የለም፤ ዝምታቸው የመስማታቸው ምልክት ነው እንጂ የመቀዝቀዛቸው አይደለም። መባ በሚሰበሰብበት ጊዜ ሳሕን ወይም ከረጢት በየወንበሩ ይዞራል። እንግዳ እንዲሰጥ አይገደድም፤ ጥቂት ቢሰጥ ግን ይከበራል።

አሁን ብዙውን ሰው ወደሚያሳስበው ወደ ቍርባኑ ደርሰናል። በብዙ ደብር ቍርባን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይደረጋል። ገበታው በነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ይሸፈናል፤ ቄሱ የጌታን ቃል አንብቦ ኅብስቱን ይቈርሳል፤ ሽማግሌዎቹም ኅብስቱንና ጽዋውን በየወንበሩ ያዞራሉ፤ እያንዳንዱም ሰው ለጐረቤቱ ያቀብላል። በብዙ ስፍራ ጽዋው ለእያንዳንዱ በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል፤ የሚቀዳውም ብዙ ጊዜ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ነው። እነርሱ ምእመኑ ክርስቶስን በመንፈስ ቅዱስ ኀይል በእምነት ይቀበለዋል ይላሉ እንጂ፥ እኛ እንደምናምነው ኅብስቱ ተለውጦ ሥጋ መለኮት ይሆናል አይሉም። ቄሱ ከመዠመሩ በፊት ጌታን የሚወዱትን ሁሉ፥ ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ቢሆኑ፥ ወደ ገበታው መጥራቱ የተለመደ ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጆቿ ከሌላ ገበታ እንዲቀበሉ አትፈቅድም። እንግዲህ የተጠራው እንግዳ ምን ያድርግ? በእኛ ሐሳብ መልሱ ቀላል ነው። ግብዣው ትእዛዝ አይደለም። ሳሕኑ በደረሰው ጊዜ በጸጥታ ተቀብሎ ለጐረቤቱ ያሳልፈው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም፤ ከዚያ በኋላም ምክንያት መስጠት አይገባውም። በመካከል ተነሥቶ መውጣት፥ ወይም እጅን ወደ ኋላ ሰብስቦ ሳሕኑን እንደ ርኩስ ነገር መሸሽ ግን ጋባዡን ያሳዝነዋል። እንዲሁም ለይሉኝታ ብሎ ሕሊናው ያልፈቀደውን መቀበል ከሁለቱም ይከፋል፤ ጋባዦቹ ራሳቸው ቢያውቁ ይህን አይወዱለትም።

እንዲያውም በጥንቱ ልማዳቸው ወደ ገበታው መቅረብ እጅግ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ከቍርባኑ አስቀድሞ የጾም ቀን ይታወጅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ሰውን መርምረው የተገባው ለሆነው ከእርሳስ የተሠራች ትንሽ ምልክት ይሰጡት ነበር፤ ያቺን ያልያዘ አይቀርብም። በሰሜኑ ተራራማ አገር ዛሬም ዕድሜውን ሙሉ እሑድ ሳያስታጕል እየመጣ፥ ቃሉን እየሰማ፥ ነገር ግን «አልተገባኝም» ብሎ ሳይቈርብ የሚያረጅ ሰው ይገኛል። በአገራችን ከጕልማስነት እስከ ሽምግልና ከሥጋ ወደሙ በፍርሃት ርቀው የሚኖሩትን ስንቶቹን እናውቃለን! ስለዚህ በዚያ ወገን እንግዳው ሳይቀበል ቢቀመጥ አጠገቡ የሚቀመጥ የአገሩ ሰው አይታጣም።

ኀጢአት የሠራውንም ሰው ሸንጎው ቀድሞ በሕዝብ ፊት ይገሥጸው ነበር። ከፍ ያለ የንስሓ በርጩማ ነበረ፤ ታላቁ ባለቅኔያቸው ሮበርት በርንስ እንኳ በ1786 በሞክሊን ደብር በሕዝብ ፊት ስለ ዝሙት ተግሣጽ ተቀብሏል። ይህ ሁሉ ቀርቷል።

ጥምቀት ያጋጠመው እንደ ሆነ ሥርዐቱ አጭር ነው። ሕፃን ይጠመቃል፤ ውሃ በራሱ ላይ ሦስት ጊዜ ይረጫል፤ የአርባና የሰማንያ ቀን ቍጥር የለም። የክርስትና አባትና እናት በሕጋቸው አይፈለጉም፤ ቃል የሚገቡት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከእነርሱም በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ሕፃኑን ለማሳደግ ይረዳ ዘንድ ቃል ይገባል። በዓላትን ያየን እንደ ሆነ ደግሞ ልደትን እንኳ ሳያከብሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። የልደት ቀን በስኮትላንድ የሥራ ዕረፍት ሆኖ የተወሰነው በ1958 ነው፤ ዛሬ ግን ልደትንም ትንሣኤንም በደስታ ያከብራሉ።

በአገራችንም ይህ ሥርዐት ሥር አለው። ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ፕሬስቢቴርያን የላኳቸው ሚስዮናውያን፥ ከእነርሱም ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ፥ በ1919 ከሱዳን ወገን ገብተው በሳዮ ደምቢ ዶሎ ተቀመጡ፤ በ1920ዎቹም በጕለሌ ሆስፒታል አቆሙ። በጣልያን ወረራ ዘመን ሚስዮናውያኑ ከወጡ በኋላ ማኅበሩን የያዙት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዐይናቸው የጠፋው ቄስ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማኅበሩ በ1947 ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ተብሎ በራሱ ቆመ፤ በ1974ም ከመካነ ኢየሱስ ጋራ አንድ ሆነ።

ጸሎቱ ሲፈጸም ቄሱ እጁን አንሥቶ ይባርካል፤ ከዚያም ወደ በሩ ሄዶ የሚወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጨብጣል። ለእንግዳ ስሙንና አገሩን ይጠይቀዋል። ወዲያው ሻይና ብስኩት ወደ ተዘጋጀበት አዳራሽ ይጠሩታል፤ እውነተኛው መስተንግዶ ያለው በዚህ ነውና ቸኵሎ መሄድ መልካም አይደለም። በዐቢይ ጾም የሆነ እንደ ሆነ ግን ይጠንቀቅ፤ እሑድም ቢሆን ከወተትና ከቅቤ እንጾማለንና፥ ሻዩ ወተት ሳይጨመርበት እንዲቀዳለት አስቀድሞ ይንገር፤ ብስኩቱም በቅቤ የተለወሰ ነው። «ጾም ላይ ነኝ» ቢል ይገባቸዋል፤ ስለ ጾማችንም በብዙ ይጠይቁታል።

ይህ ጥያቄያቸው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከ1.3 ሚሊዮን የሚበልጡ አባላት የነበሩት የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከ300 ሺህ በታች ቀርቶታል። በብዙ ደብር ሰባት መቶ ሰው በሚይዝ ቤት ውስጥ ሠላሳና አርባ ሽማግሌና አሮጊት ተቀምጠው ይገኛሉ፤ ተሸጠው መኖሪያ ወይም ምግብ ቤት የሆኑም አሉ። ስለዚህ አዲስ ፊት፥ ይልቁንም ልጆች የያዘ ቤተ ሰብ በገባ ጊዜ ደስታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሽማግሌውም መዝገብ ይዞ መጥቶ ስምና አድራሻ እንዲጻፍለት ይለምናል። በዚያ ላይ የጻፈ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ሽማግሌ ቤቱ መጥቶ ደጁን ቢመታ አይደነቅ፤ ሊጠይቀው የመጣ ነውና ሻይ ያፍላለት። እንዲህ ያለ ጕብኝት የማይፈልግ ግን በመዝገቡ ላይ አገሩን ብቻ ጽፎ ቢያመሰግን ማንም አይቀየመውም።